ባዶ ክብደት

ኮምቦልቻ መግቢያ፣ ከምድር ሚዛን ዳር፣
አሥራ ሁለት ዓመት በኪሎ ስናገር፣
መኪናው ሲገባ ባዶውን ለክቼ፣
ሲወጣ ከሙሉው ባዶውን አውጥቼ፣
የቀረችውን ሐቅ በካርቦን ጽፌ
በሦስት ኮፒ፦
ለሾፌር፣ ለጌታው፣ ለመዝገብ አሳልፌ።

አቶ ደግሰው ፈንታ አንድ ማታ መጣ።
"አምስት ኩንታል ብቻ ከቁጥሩ ትውጣ፤
ማን ያያል?" አለኝ።
"ሚዛኑ" አልኩት። ሳቀ፤
ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ዘለቀ።
በሳምንቱ ፖሊስ ከደጄ ወሰደኝ፤
"ሠላሳ ስምንት ኩንታል ማሾ ሰረቀኝ"
ብሎ ፈርሞብኛል፣ ሁለት ምስክር አባብሎ።

ሃያ ስድስት ሌሊት የጣቢያ ሲሚንቶ፤
የወንድሜ ባጃጅ ሊብሬው ዋስ ገብቶ
ወጣሁ።
አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ በቀጠሮው ዕለት
ሐረጎን ስወጣ ጉም በዋጠው ንጋት፣
"መዝገቡ አልመጣም"፣ "ዳኛዋ ስብሰባ ናቸው"፣
"ምስክሮች አልቀረቡም፤ ፖሊስ ያምጣቸው።"
ክሱ እኔን አከሳኝ፤
ቀበቶዬ ላይ በሚስማር ሦስት ቀዳዳ ጨመርኩ።
ሙና ልጄን ደግሞ፣ ከክፍሏ ልጆቹ
ስም አወጡላት፦ "የማሾው ልጅ"።

በመጨረሻው ቀን ዳኛዋ ቀና አሉ፤
"አልተረጋገጠም፣ በነጻ ይሰናበት" አሉ።
በነጻ!
ለጠበቃ ብዬ ጊደሬን ሸጬ፣
ያለ ደመወዝ ዓመት ሙሉ ተቀምጬ፣
በነጻ።
ሰፈሩም ሰማና "በነጻ ወጣ" አለ፤
"ስንት ከፍሎ ይሆን?" ብሎም አስከተለ።

ዛሬ ደሴ ቆሜ ከፍርድ ቤቱ አጥር፣
ከዘምዘም ሱቅ ደጃፍ፣ ፎቶ ኮፒው በር፣
ክስ አስጽፋለሁ።
"ከሳሽ" ብላ መታች፣ "ይመር ኑርዬ"፤
"ተከሳሽ" ብላ ደግሞ የእሱን ስም ከሥሬ።
አንዲት ፊደል ብቻ፣ መስቀል የመሰለው "ተ"፣
ከጫንቃዬ ወርዶ በሱ ተጎለተ።

"ስንት ብር ልበል?" አለች።
የሚዛን ሰው አይደለሁ? ቆጠርኩላት፦
ያልተከፈለኝ አሥራ አንድ ወር። ጻፈች።
ሐረጎ፣ አርባ ሁለት ጊዜ። ጻፈች።
ጊደሯ። ጻፈች።
"የሙናስ ስም?" አልኳት።
ጣቷ ቆመ።
"እሱ የሕሊና ጉዳት ነው፤ ሕጉ ጣሪያ አለው፣
ከሺህ ብር አይበልጥም።"
"ሺህ?"
"ሺህ። የድሮ ሕግ ነው፤ ያኔ ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ይገዛ ነበር።"
ዛሬ ግማሽ ኩንታል ማሾ አይገዛም።

"ደግሞ የምትጠይቀው በጨመረ ቁጥር
የዳኝነት ክፍያው አብሮ ነው ሚጨምር።
ካልቻልክ በደሃ ደንብ፤ ደሃ መሆንህን
ምስክር አምጣና።"
ደሞ ምስክር!
"ክሱ መውደቁም ብቻ አይበቃህም፤
ሊጎዳህ አስቦ፣ በክፉ ልብ እንደከሰሰህ
ማስረዳት አለብህ።"
የሰው ልብ ስንት ጎማ አለው? በየት በኩል ይነዳል?
የትኛው ምድር ሚዛን ላይ ይወጣል?

ከደረት ኪሴ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ
የያዝኳትን አወጣሁ፦
የዚያን ማታ ሦስተኛ ኮፒ፤ ካርቦኗ ደብዝዟል፤
በጀርባዋ ግን በእስክሪብቶ፣ በእጄ፦
"ደግሰው አምስት ቀንስ አለ። እምቢ አልኩ። 2፡40።"
ዘምዘም አነበበች፤ እንደገና አነበበች፤
መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጠረገች።
"ይችን እንዳትጥላት" አለች።

"ለሙና ሺውን ጻፊው" አልኳት፣
"ግን በፊደል ይሁን፤ በቁጥር ያንሳል።"

አታሚው አንቋረረ። ሦስት ኮፒ ወጣች፦
ለፍርድ ቤት፣ ለተከሳሽ፣ አንዷ ለኔ ቀረች።
ሙቅ ነበረች። በመዳፌ ያዝኳት፣
እንደ ልማዴ ባዶውን ልቀንስላት
ፈለግሁ፤
ባዶ አልነበራትም።